ፕሮሰሲንግ አፉን እስኪፈታ

ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ድምፅ ማጫወት ይችል ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሚችለው ግን በስልክ የሚሰማውን ያህል ብቻ ነው። ፋይሉ «ኤዩ» የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት፤ በሰከንድ 8,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ ናሙና 8 ቢት፣ ግራና ቀኝ የሌለው አንድ መስመር። ናሙና ስል በአንዲት ቅጽበት አየሩ ምን ያህል እንደተገፋ የሚናገር አንድ ቁጥር ማለቴ ነው። በዚያው ዘመን የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ያጫውት ነበር። ድረ ገጽ ላይ ሲነኩት የሚጮህ ቁልፍ ለመሥራት የጃቫው ይበቃል። ሙዚቃ ለመሥራት ግን አይበቃም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ቀድመው ከተነሡት አንዱ ፊል በርክ ነው። በርክ በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ በሚገኘው ሚልስ ኮሌጅ ከላሪ ፖላንስኪና ከዴቪድ ሮዘንቡም ጋር ሆኖ «ኤችኤምኤስኤል» የተባለውን የሙዚቃ መጻፊያ የፕሮግራም ቋንቋ የሠራ ሰው ነው። በ1997 ደግሞ ለጃቫ የሚሆን የድምፅ ማቀናበሪያ አወጣ፤ ስሙን «ጄሲን» አለው። በጄሲን ሞገድ አመንጪው፣ ማጣሪያውና መውጫው እንደ ስቱዲዮ ዕቃ በገመድ ይያያዛሉ፤ ገመዱ ኮድ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ጃቫ ሲሆን፣ ከበስተጀርባ ቁጥሩን የሚያሰላው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኢንጂን ነበር። የዚያን ጊዜው ጃቫ 44,100 ቁጥር በየሰከንዱ ሳያቋርጥ ለማድረስ ጉልበት አልነበረውም። መፍትሔው ግን ዕዳ ነበረበት። ኢንጂኑ ለእያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለብቻው መሠራት አለበት፤ ሥራውን መስማት የሚፈልግ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አለበት። አንባቢ ይህችን ዕዳ ልብ ይበልልኝ፤ ታሪኩ ደጋግሞ ወደ እርሷ ይመለሳል።

በ2000 የወጣው ጃቫ 1.3 «ጃቫ ሳውንድ» የተባለ የራሱን የድምፅ ክፍል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የጃቫ ፕሮግራም ማይኩንና ስፒከሩን ያለ ተጨማሪ ኢንጂን ማግኘት ቻለ። ይሁን እንጂ የተጻፈው ለባለሙያ ነው። አንዲት ፋይል ለማጫወት የድምፁን ቅርጸት መግለጽ፣ «መስመር» መጠየቅ፣ መስመሩን መክፈት፣ ባይቶቹን እየቆጠሩ ማስገባት፣ ሲያልቅም መዝጋት ያስፈልጋል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሠዓሊ ይህን ሁሉ ሊያልፍ አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ሠዓሊ የሚያስቡ ሰዎች በዚያው ሰሞን በማሳቹሴትስ፣ በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ነበሩ። እዚያ ጆን ማኤዳ የሚመራው የሥነ ውበትና የኮምፒውተር ስሌት ቡድን ነበር። ማኤዳ በ1999 «ዲዛይን ባይ ነምበርስ» የተባለ፣ ለሠዓሊና ለዲዛይነር የታሰበ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። ሰሌዳው 100 በ100 ፒክስል፣ ቀለሙም ከ0 እስከ 100 የሚቆጠር ግራጫ ብቻ ነበር። ጠባብነቱ ሆን ተብሎ ነው፤ ተማሪው በምርጫ ብዛት ሳይጠፋ የፕሮግራምን አጥንት እንዲያይ። ከማኤዳ ተማሪዎች ሁለቱ፣ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ፣ ያን መንፈስ ሳይለቁ ሰፋ ያለ ነገር ለመሥራት በ2001 ጀመሩ። «ፕሮሰሲንግ» አሉት፤ በጃቫ ላይ የቆመ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው። እዚያ የሚጻፍ እያንዳንዱ ፕሮግራም «ስኬች» ይባላል፤ ሠዓሊ በእርሳስ ቶሎ የሚሞነጫጭረው ንድፍ ማለት ነው። አብዛኛው ስኬች ሁለት ክፍል አለው፤ አንዴ ብቻ የሚሠራው «ሴትአፕ» እና እስኪዘጋ ድረስ የሚደጋገመው «ድሮው»።

«ድሮው» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የድምፅ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነውና። «ድሮው» በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር አንድ ሥዕል ይሥላል። ከአንዱ ሥዕል እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ ስፒከሩ በሲዲ ጥራት 735 ናሙና ይፈልጋል። ስኬቹ ከባድ ሥዕል ገጥሞት ቢዘገይ ዓይን ይታገሣል፤ አንድ ሥዕል ቢጎድል አብዛኛው ሰው አያስተውልም። ጆሮ ግን አይምርም። ናሙናው ለጥቂት ሚሊሰከንድ ቢቋረጥ ስፒከሩ ይንቋቋል፤ ሰሚውም ወዲያው ፊቱን ያጨማድዳል። ስለዚህ ድምፅ በ«ድሮው» ጀርባ ላይ ሊታዘል አይችልም። በራሱ ሰዓት የሚሄድ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ ፕሮግራመሮች «ትሬድ» የሚሉት ይህን ነው።

በሠራተኛውና በስፒከሩ መካከል ደግሞ «ባፈር» የሚባል ማጠራቀሚያ ይቀመጣል። ባፈር ቤት ውስጥ እንዳለ እንስራ ነው። ስፒከሩ ከእንስራው ይጠጣል፤ ፕሮግራሙ እየቀዳ ይሞላል። እንስራው ትልቅ ከሆነ ቀጂው ቢዘገይም ቤቱ አይጠማም፤ ነገር ግን አሁን የተቀዳው ውሃ የሚጠጣው ቆይቶ ነው። 1,024 ናሙና የሚይዝ ባፈር በሲዲ ጥራት 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል። ማውሱን ሲነካ ከበሮው እኩል እንዲመታለት የሚፈልግ ሰው እንስራውን ያሳንሳል፤ ሲያሳንሰው ደግሞ እንዳይደርቅበት ይሰጋል። ፕሮሰሲንግን ከድምፅ ጋር ለማገናኘት የተነሣ ሁሉ ይህን ሒሳብ ለጀማሪው ሳያሳይ በውስጥ የማስላት ግዴታ ነበረበት።

ሪስና ፍራይ ፕሮሰሲንግን ያነጹት ዋናው አካሉ ትንሽ ሆኖ ተጨማሪው በላይብረሪ እንዲመጣ አድርገው ነው። ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ በአንድ ፎልደር ተቀምጦ በአንድ የ«ኢምፖርት» መስመር ስኬቹ ውስጥ የሚገባ ኮድ ነው። በ2005 «ቤታ» የተባለው የሙከራ እትሙ ሲወጣ የድምፅ ሥራ የተተወው ለላይብረሪዎች ነበር። ክብ ለመሳል አንድ ቃል የሚበቃው ጀማሪ፣ ድምፅ ሲያምረው ሌላ ነገር ፈልጎ ማውረድ ነበረበት። ያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለት የሥዕል ሰዎች ስለ ድምፅ ያላቸውን የመጀመሪያ ግምት በዋናው አካል ውስጥ ቢቸነክሩት ኖሮ፣ በኋላ የመጡት የድምፅ ሰዎች የሚገቡበት በር አይኖርም ነበር።

ከገቡት መካከል ቀዳሚዎቹ ሁለት ናቸው። አሚት ፒታሩ «ሶኒያ»ን ሠራ፤ ክሪስተር ኦልሰን «ኤስ»ን። ኤስ በጃቫ ሳውንድ ላይ ቆመ። ሶኒያ የተሳፈረችው በበርክ ጄሲን ላይ ነበር፤ የጄሲንን ጉልበት ለፕሮሰሲንግ ጀማሪ በሚገባ ቋንቋ አቀረበችው። የሶኒያ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሶኒያ ስታርት» የሚል ሲሆን፣ በቅንፍ ውስጥ «ዚስ» የምትል ቃል ትከተለዋለች፤ በእኛ «ይህ» ማለት ናት። «ይህ» የተባለው ራሱ ስኬቹ ነው። ላይብረሪው ከውጭ የመጣ እንግዳ ስለሆነ የቤቱን ባለቤት ማወቅ አለበት፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቀውም፣ ሲዘጋ የሚናገረውም ስኬቹ ነው። ይህች ትንሽ ቃል ከዚህ በኋላ በምጠቅሳቸው የጃቫ ላይብረሪዎችም ቅንፍ ውስጥ ትገኛለች።

የሶኒያ ችግር የጄሲን የቀድሞ ዕዳ ነው። የዚያን ጊዜ የፕሮሰሲንግ ሥራዎች በብዛት የሚታዩት በብሮውዘር ውስጥ፣ «አፕሌት» በሚባል፣ በድረ ገጽ ላይ በሚሄድ ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም መልክ ነበር። አንድ ተማሪ ማታ የሠራውን የሚያንጎራጉር ስኬች ለጓደኛው ሊንኩን ሲልክለት፣ ጓደኛው መጀመሪያ የጄሲንን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልጫነ የሚያየው ዝም ያለ ሥዕል ነው።

በ2007 ዴሚየን ዲ ፌዴ «ሚኒም»ን ይዞ መጣ። ለብዙ የፕሮሰሲንግ ተማሪ ኮምፒውተር ድምፅ የማውጣት የመጀመሪያ ደስታ ከሚኒም ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ እርሱን በጥድፊያ ማለፍ አይሆንልኝም። ዲ ፌዴ የጨመረው የራሱ የሲ ኢንጂን አልነበረም። ጃቫ ሳውንድን መሠረት አደረገ፤ «ትሪቶነስ» የተባለውን ክፍት ሥራ ደገፈበት፤ ኤምፒ3 የሚፈታውን ኮድ ደግሞ ከጃቫዙም ወሰደ። ሚኒምንም በኤልጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ከፈተው። ሁሉም ጃቫ ስለሆነ ፕሮሰሲንግ የሚሄድበት ኮምፒውተር ላይ ሚኒምም ይሄዳል፤ ለብቻው የሚጫን ነገር የለውም። ኖቬምበር 24 ቀን 2008 ፕሮሰሲንግ 1.0 ሲወጣ ሚኒም ከእርሱ ጋር በአንድ ጥቅል ታሽጎ ነበር። ፕሮሰሲንግን ያወረደ ሁሉ ሳያውቀው የድምፅ ላይብረሪም አወረደ ማለት ነው።

ተማሪው የሚጽፈው እንዲህ ነው። «አዲስ ሚኒም» ይልና በቅንፍ «ይህ» ይጨምራል። «ሎድ ፋይል» ብሎ ከስኬቹ «ዳታ» ፎልደር ውስጥ ያለውን ዘፈን ይጠራል። «ፕለይ» ይላል። ጃቫ ሳውንድ የጠየቀው ያ ሁሉ መክፈትና መቁጠር በሦስት መስመር አለቀ። ከዚያ «ድሮው» ውስጥ ገብቶ ባፈሩ ውስጥ አሁን ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ቁጥር ከ-1 እስከ 1 ነው። እንዳለ ቢሣል ሞገዱ ከአንድ ፒክስል በላይ አይነሣም፤ ጠፍጣፋ ክር ይመስላል። የሚኒም ምሳሌ ቁጥሩን በ50 ያባዛዋል፤ ክሩም ወዲያው ይነሣና ይርገፈገፋል። ዘፋኙ ሲተነፍስ ይረግባል፤ ከበሮው ሲመታ ይዘላል። ለልጅም ለአዋቂም ይህን ያሳየ ሰው፣ ሰሚው ወደ ስክሪኑ ሲጠጋ ያያል።

ሚኒም ከዚህም የጠለቀ ነገር ሰጠ። «ኤፍኤፍቲ» የሚባለው ስሌት፣ ኩሊና ቱኪ በ1965 ባሳተሙት መንገድ የተስፋፋው፣ አንድን ድምፅ በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች ይበትነዋል። 1,024 ናሙና የሚወስድ ኤፍኤፍቲ በሲዲ ጥራት እያንዳንዳቸው 43 ኸርዝ ያህል ስፋት ያላቸው ዓምዶች ያወጣል፤ ዝቅተኛው ድምፅ በግራ፣ ቀጭኑ በቀኝ። ይህ ምን እንደሚያሳይ ለማወቅ የፈለገ የእኛ አገር ሰው ዋሽንትና በገና ቀድቶ ያስገባ። ዋሽንቱ በአንዲት ኖታ ላይ ሲቆይ ጥቂት ዓምዶች ብቻቸውን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በገናው ግን ሌላ ነው። በጅማቱና በድልድዩ መካከል የምትገባው ትንሿ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ጅማቱን እያርገበገበች ያን የምናውቀውን ዝዝታ ትሰጠዋለች፤ በስክሪኑ ላይም ዓምዶቹ ከግራ ተነሥተው ወደ ቀኝ እስከ ሩቅ ይዘረጋሉ። እንዚራዋን አውጥቶ ያንኑ ጅማት ቢመታ የቀኙ ክፍል ይረግፋል። ጆሮ ለዘመናት የለየውን ዓይን ሲያረጋግጠው ማለት ነው።

ሚኒም ከስኬቹ ጋር የነበረው ትስስር ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ሻካራ ቦታ ነበረው። ድምፁ በራሱ ትሬድ ስለሚሄድ ስኬቹ ሲዘጋ አብሮት አይሞትም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ምሳሌዎች መጨረሻ ላይ «ስቶፕ» የሚባል ክፍል ነበር፤ ተማሪው ማጫወቻውን ይዘጋል፣ ሚኒምን ያቆማል፣ በመጨረሻም የፕሮሰሲንግን የራሱን «ስቶፕ» ይጠራል። ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ አንዱንም ሳይረሳ። መዝጋትን የመሰለ የቤት ጠባቂ ሥራ ለጀማሪ መሰጠት አልነበረበትም። ፕሮሰሲንግ ላይብረሪዎች «ስትዘጋ ንገረኝ» ብለው ራሳቸውን የሚያስመዘግቡበት መንገድ ነበረው፤ ሚኒም ኋላ በዚያ መንገድ ሄደና ያ የ«ስቶፕ» ክፍል ከምሳሌዎቹ ጠፋ። ለእኔ ከአዳዲስ ድምፆች ሁሉ ይልቅ ይህ መጥፋት የዲ ፌዴን አሳቢነት ያሳያል።

ኋላም ዲ ፌዴ ሌላ ጥንቃቄ አደረገ። ሚኒም «ይህ» የተባለው የግድ የፕሮሰሲንግ ስኬች ይሁን ማለቱን ተወ። አሁን የሚጠይቀው «ይህ» ሁለት ነገር እንዲያውቅ ብቻ ነው፤ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ መናገርና ፋይሉን ለንባብ መክፈት። እነዚህን ሁለቱን የሚያውቅ ማንኛውም የጃቫ ፕሮግራም ሚኒምን ማስተናገድ ቻለ። በዚያው የእድገት ዘመን አንደርሰን ሚልስ ከዲ ፌዴ ጋር ሆኖ ትናንሽ የድምፅ ክፍሎችን ጨመረ፤ ሞገድ አመንጪ፣ ማጣሪያ፣ መደመሪያ፣ አንዱን ከሌላው «ፓች» በሚል ትእዛዝ የሚያያዙ። በርክ በ1997 በጄሲን ያሳየው የገመድ ሐሳብ በሌላ እጅ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ የነገሮች መልክ ተለወጠ። በ2012 ሪስ፣ ፍራይና ዳንኤል ሺፍማን የፕሮሰሲንግ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። በ2013 የወጣው ፕሮሰሲንግ 2.0 ስኬችን ወደ አፕሌት መቀየሩን አቆመ፤ ብሮውዘሮች ለጃቫ ፊታቸውን እያዞሩ ነበር። በብሮውዘር ውስጥ መታየት ለሚፈልግ ስኬች ሌላ መንገድ አስፈለገ፤ ሎረን መካርቲ በጃቫስክሪፕት «ፒ5»ን ጀመረች። በ2014 ጄሰን ሲጋል ለፒ5 የድምፅ ላይብረሪ ጻፈለት። የሲጋል ዕድል ከቀደሙት ሁሉ ይሻላል፤ ብሮውዘሮች ራሳቸው «ዌብ ኦዲዮ» የተባለ የድምፅ ኢንጂን ይዘው መምጣት ጀምረው ነበርና የሚጫን ነገር አልነበረም። ብሮውዘሩ ግን የራሱ ባህርይ አለው። በ2018 ጉግል ክሮም ሰው ሳይነካው ድምፅ የሚጀምርን ገጽ ማገድ ሲጀምር፣ ትናንት ሲያዜሙ የነበሩ ስኬቾች አፋቸው ተያዘ። ለዚህም «ተጠቃሚው ሲነካ ድምፁን ጀምር» የሚል ትእዛዝ ተጨመረ፤ ዛሬም የፒ5 ተማሪ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት አንድ ጊዜ ጠቅ የሚያስደርገው ለዚህ ነው።

በጃቫው ወገን ፋውንዴሽኑ የራሱ የሆነ፣ ከፕሮሰሲንግ ቋንቋ ጋር በስምም በአጻጻፍም የሚመሳሰል ላይብረሪ ፈለገ። ሥራውን ቪልም ቶበን ያዘ፤ ስሙም «ሳውንድ» ብቻ ሆነ። ሳውንድ ውስጥ ያሉት ስሞች እንደ ፕሮሰሲንግ አጭርና ግልጽ ናቸው፤ «ሳይን ኦስክ» የሳይን ሞገድ ያወጣል፣ «ሳውንድ ፋይል» ፋይል ያጫውታል፣ «አምፕሊቲዩድ» ድምፁ ምን ያህል እንደጎላ ይለካል። ከበስተጀርባ ቶበን የመረጠው በስቴፋን ከርስተን የተሠራውን «ሜትክላ» የተባለ የሲ ፕላስ ፕላስ ኢንጂን ነበር። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሜትክላ ፈጣን ነው፤ በጃቫ ውስጥ ቆሻሻ ማስታወሻ የሚጠርገው አሠራር በማይገባው ሰዓት ተነሥቶ ድምፁን እንዳያስነክሰው ይከላከላል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2015 ፕሮሰሲንግ 3.0 ሲወጣ ሚኒም ከጥቅሉ ወጣ፤ እርሱንም ሳውንድንም የፈለገ በፕሮግራሙ ውስጥ ካለው የላይብረሪ ዝርዝር መርጦ ያወርዳል። ይፋዊው የድምፅ ላይብረሪ ግን ከዚህ በኋላ ሳውንድ ሆነ።

የ1997ቱ ዕዳ እንደገና በር አንኳኳ። ሜትክላና ጃቫ የሚነጋገሩት በመካከላቸው ባለ ድልድይ ነው፤ ድልድዩም ለዊንዶውስ አንድ፣ ለማክ ሌላ፣ ለሊነክስ ሌላ ሆኖ መሠራት አለበት። አንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲታደስ ወይም የጃቫው እትም ሲለወጥ ድልድዩን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የጎደለ ቀን ስኬቹ መስኮት እንኳ ሳይከፍት ከታች በቀይ ጽሑፍ «አንሳቲስፋይድ ሊንክ ኤረር» ይላል፤ ጃቫ የፈለገውን የውጭ ኮድ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ለባለሙያ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ሳምንቱን ለያዘ ተማሪ ግን በግዕዝ ጽፈው እንደመለሱለት ደብዳቤ ነው። የተሳሳተው የራሱ ኮድ ይመስለዋል፤ ሦስቱን መስመር ደጋግሞ ያነባል፤ ስሕተት ያጣል፤ ይተወዋል። ትልቅ ኩባንያ ድልድዩን የሚጠብቅ ደሞዝተኛ ይቀጥራል። በበጎ ፈቃደኞች ለሚኖር ላይብረሪ ግን እያንዳንዱ ድልድይ የአንድን ሰው ቅዳሜና እሑድ ይበላል፤ ያ ሰው ሲደክም ድልድዩ አብሮ ይደክማል።

በ2018 ኬቪን ስታድለር ሳውንድን ተረከበ። የተረከበው በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ክፍያ እያገኙ ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ይሠሩበት የነበረ መርሐ ግብር ነው። ስታድለር ድልድዩን ከመጠገን ይልቅ አፈረሰው። የሲ ፕላስ ፕላሱን ኢንጂን አውጥቶ በቦታው ያስቀመጠው የፊል በርክን ጄሲን ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ሶኒያን ያሰናከለው ያው ጄሲን አልነበረምን? ስሙ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ጃቫ በፍጥነት እጅግ ተሻሽሏል፤ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ደጋግሞ የሚሠራውን ኮድ ወደ ማሽኑ የራሱ ቋንቋ የሚቀይረው አሠራር በስሏል፤ ኮምፒውተሮቹም ጠንክረዋል። በርክ ይህን አይቶ ጄሲንን ከመሠረቱ በንጹሕ ጃቫ እንደገና ጻፈው፤ ምንጩንም በአፓቼ ፈቃድ ለሁሉም ከፈተው። በሲ ይሰላ የነበረው ሁሉ አሁን በጃቫ ይሰላል። የሚጫን ኢንጂን የለም፤ ድልድይ የለም፤ ለዊንዶውስና ለማክ ተብሎ የሚለያይ ፋይል የለም። ሳውንድም በዚህ ላይ ሲቆም ፕሮሰሲንግ ባለበት ሁሉ መሄድ ቻለ፤ አንድሮይድ ስልክም ራስበሪ ፓይም ሳይቀር።

ስታድለር ከሥር ያለውን ሁሉ ሲለውጥ ላዩን ግን እንዳለ ጠበቀ፤ ቶበን የሰጣቸው ስሞች አልተነኩም። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው በሩን በሚወደው ቦታ ማድረግ ያምረዋል፤ እርሱ ግን የድሮው ቁልፍ እንዲገጥም ብሎ በሩን ከነበረበት አላንቀሳቀሰም። በመማሪያ መጻሕፍት የታተሙ፣ በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የተቀመጡ ምሳሌዎች ነበሩ፤ አስተማሪዎቻቸው ሜትክላ የሚባል ነገር መኖሩንም ጄሲን መምጣቱንም ማወቅ አልነበረባቸውም።

የበርክ እጅ ከዚህ በኋላም አልቀረም። በትልልቅ የድምፅ ካርዶች ላይ ከሁለት በላይ መውጫ ለመጠቀም ጃቫ ሳውንድ አይመችም፤ በአንድ አዳራሽ በአራቱም ማዕዘን ስፒከር ተክሎ ድምፁን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር የሚፈልግ አርቲስት ይቸገር ነበር። ለዚህ ኋላ የወጡት የሳውንድ እትሞች «ፖርት ኦዲዮ»ን እንደ አማራጭ ይዘዋል። ፖርት ኦዲዮን በርክ ከሮስ ቤንሲና ጋር ሆኖ የጀመረው ፕሮሰሲንግ ገና በሚጸነስበት ዘመን ነው፤ በ2001 ስለ እርሱ አብረው ጽፈዋል። አዎ፣ ፖርት ኦዲዮ በሲ የተጻፈ ነው፤ የድሮው ዕዳ በትንሹም ቢሆን አብሮት ይመጣል። አሁን ግን የሚከፍለው ብዙ መውጫ የሚፈልገው ሰው ብቻ ነው፤ ጀማሪው ላይ አይደርስም።

ዛሬ ፕሮሰሲንግ 4ን ከፍቶ ሳውንድን የጫነ ተማሪ የሚጽፈው የመጀመሪያው ስኬች ይህ ሊሆን ይችላል። «አዲስ ሳይን ኦስክ» ይልና በቅንፍ ውስጥ «ይህ» ያስቀምጣል። ቀጥሎ ድግግሞሹን 440 ይለዋል፤ ኦርኬስትራ የሚቃኝበት ኖታ ነው። ከዚያ «ፕለይ»። ሲያጫውተው ባዶ ግራጫ መስኮት ይከፈታል፤ ከስፒከሩም ቀጥ ያለ፣ ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ይወጣል። መስኮቱን ሲዘጋው ድምፁም ያቆማል፤ «ስቶፕ» ብሎ የጻፈው ነገር የለም።